የጉማራ ውሃ አልቀዘቀዘም ነበር

ይህ የምጽፍላችሁ ነገር የደረሰብኝ በጣልያን ጊዜ ነው፤ ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ላይ። ያኔ የሃያ ዓመት ሴት ነበርኩ። በዚያ ዘመን ከእኔ የባሰ ያየ ሰው ሞልቷል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የተገደለበት አለ። የእኔ ባል ከነነፍሱ ተመልሶልኛል። ታዲያ ምን ያስለፈልፍሻል ብትሉኝ፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ፍርሃቱ ሳይሆን መጨረሻው ላይ እኔ ራሴ ያደረግኩት ነገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ።

እኛ ሐይቁ ዳር ተወልደን ያደግን ሙስሊሞች ነን። ወንዶቻችን ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ አሳ ያጠምዳሉ። ነሐሴ ሲጋመስ ግን ባሕር ዳርን ትተን፣ የሐይቁን ዳር ይዘን፣ ጉማራ ወንዝ ጣና ወደሚገባበት ቦታ እንሄድ ነበር። ከሐሙሲት ብዙም አይርቅም። እዚያ የሣር ጎጆ ቀልሰን እስከ መስከረም መጨረሻ እንቆያለን።

የሚያስኬደን ነጭ አሳ ነው። ነጭ አሳ ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ ይኖርና እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስ ወንዝ ይወጣል። የሚጥለው ደግሞ ጠጠር ላይ፣ በቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ውስጥ ነው። ጉና ተራራ ላይ ዝናብና በረዶ ሲወርድ ጉማራ ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ አሳው በመንጋ ይገባል። ውሃው ካልቀዘቀዘ ግን ከሐይቁ ንቅንቅ አይልም፤ ብትለምነውም አይመጣም።

መቀዝቀዙን የምናውቅበት የራሳችን ዘዴ ነበረን። ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ውሃውን ሳይነካው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ወንዝ ይገባና የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሐን ሰባት ጊዜ ይቀራል፤ በዝግታ፣ ሳይቸኩል። ሰባቱ ሳያልቅ ቁርጭምጭሚቱን ከቆረጠመው ውሃው ደርሷል ማለት ነው፤ መረብ ይዘረጋል። ካልቆረጠመው ወጥቶ ሥራውን ይሠራል። በእጅ አይለካም። የሴቷን እጅ እሳት፣ የወንዱን እጅ ገመድ አደንዝዞታል ይባላል።

የባሌ አባት አባባ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቤተሰቡ የለኩት እሳቸው ነበሩ። በኋላ ግን እግራቸው ደነዘዘ፤ እሾህ ቢወጋቸው እንኳ ደሙን አይተው ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ልኬቱን ለእኔ ሰጡኝ። ባሌ እንድሪስ "የኔ እግርስ ምን ሆነ?" ብሎ ቢያኮርፍ፣ "አንተ ፋቲሐውን ትሮጥበታለህ" አሉት። እውነታቸውን ነው። እንድሪስ ምንም ነገር ሲጀመር እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነበር።

የዚያ ዓመት ክረምት ሰነፍ ሆነ። ደመናው ጉና ላይ ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይበተናል። ጉማራ ከሳ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ልናጥብ ስንወርድ ውሃው እሳት ላይ ጥደው ያወረዱት ያህል ይሞቃል። ጠዋት እንኳ ለብ ያለ ነው። ሰባቱን ፋቲሐ ጨርሼ ሌላ ሰባት ብጨምር እግሬ ምንም አይለኝም። ተመልሼ ስመጣ አባባ ሰይድ ፊቴን ያዩና ሳይጠይቁኝ ወደ መስገጃቸው ይዞራሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ተርበን እናልፈው ነበር። ያን ጊዜ ግን ጣልያን አለ። ወንዙ ማቋረጫ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ድንኳን ተክለው የሰፈሩ ወታደሮች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አሳ እንድናመጣ ታዘናል። አምና በዚያ ወር ቅርጫት ሙሉ እየወሰድን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ "አርበኛ በታንኳ ይሻገራል" ብለው ሐይቅ ላይ መውጣት ከልክለው፣ ታንኳዎቻችንን ሰብስበው አቃጥለዋል። የቀረን ወንዙ ብቻ ነው፤ ከወንዙ የሚወጣው ደግሞ ጣት የሚያክል አሳ ነው።

አንድ ማለዳ እንድሪስ የተገኘችውን ትንንሽ አሳ ቅርጫት ውስጥ ጣል አድርጎ ሄደ። ፀሐይ ሞቀ፣ አልተመለሰም። እኔና አባባ ሰይድ ተከትለነው ሄድን። ስንደርስ እጁን የኋሊት አስረው ከድንኳን ምሰሶ ጋር አቁመውታል። ከንፈሩ ደምቷል።

አለቃቸውን ካፒታኖ ነበር የምንለው። ቀጭን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ሰው የማያይ ሰው ነው። አስተርጓሚው ከመረብ ወንዝ ማዶ የመጣ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር ነበር።

"'አምና በዚህ ወር ቅርጫት ሙሉ ታመጡ ነበር፤ ዘንድሮ የት ገባ?' ይላል" አለን አስተርጓሚው። "'ለሽፍታ እየሰጣችሁ ነው' ይላል።"

እውነቱን ልናገር፣ አምና ሰጥተናል። እንድሪስ ነው የሰጠው፣ ቅርጫቱን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አይቆጨኝም። ዘንድሮ ግን የሚሰጥ ነገር አልነበረም፤ እኛም ንፍሮ እየቃምን ነበር።

"ውሃው ሞቆ ነው" አልኩት። "ጉና አልዘነበም። ነጭ አሳ የሞቀ ውሃ አይገባም።"

"ይኸን ልንገረው?" አለኝ አስተርጓሚው፣ እንደ ማዘን ብሎ።

"ንገረው እንጂ! ወላሂ አልዋሸሁም!"

ነገረው። ድንኳኑ ሥር የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ካፒታኖው ግን አልሳቀም። አጠር ያለ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ይሰቀላል" አለን። አባባ ሰይድ እዚያው አፈር ላይ ተቀመጡ። እንድሪስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጮኼ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ወታደር ወጣ። በመልክ እናውቀዋለን። ወንዙ ዳር ቀጭን ረዥም ዘንግ ይዞ፣ ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ አስሮ ሲያጠምድ ይውላል። ስሙን ስለማናውቅ ባለዘንጉ ነበር የምንለው። አንድ ቀን የያዘውን አሳ አገላብጦ አይቶት መልሶ ውሃ ውስጥ ሲለቀው አይተን፣ ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ "ይኼስ የለየለት ነው" ብላ ሰፈሩን አስቃለች።

ባለዘንጉ ካፒታኖውን ለረዥም ጊዜ አነጋገረው። ወደ ወንዙ ይጠቁማል፣ ደረቱን ይመታል። በመጨረሻ ሁላችንንም ወደ ውሃው ወሰዱን። በፊታቸው እንድለካ ታዘዝኩ። ገባሁ። ባለዘንጉ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እኔ ፋቲሐዬን ስቀራ እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ሰባቱን ጨረስኩ። እግሬ ምንም አላለኝም። ባለዘንጉ ወደ ካፒታኖው ዞሮ አንገቱን ነቀነቀና ተናገረ።

ያለውን አስተርጓሚው ነገረን። በሀገሩ ከበረዶ ተራራ የሚወርድ ወንዝ አለ። እዚያ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት አሳ ይኖራል። በጋው ሲበረታና ውሃው ሲሞቅ ያ አሳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቀዝቃዛ ምንጭ ከሚገባበት ጥግ ተጠግቶ አፉን እየከፈተ ይቆማል እንጂ አይዋኝም፣ መንጠቆም አይነካም። አባቱ አሳ አጥማጅ ነበሩ፤ እሳቸውም እግራቸውን ነክረው ነበር የሚለኩት። "ይህች ሴት እውነቷን ነው" ብሏል።

እኔ ስለ ሀገሩ አሳ ምን ገዶኝ! ግን ያንን ስሰማ አባባ ሰይድ ወንዙ ዳር ከተቀመጡበት ቀና ብለው ሰውዬውን አዩት። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ የሙያ ጓደኛ ያገኛል ብለው አልጠበቁም።

ካፒታኖው አሰበ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፦ "ውሃው የቀዘቀዘ ዕለት መጥተሽ ንገሪኝ። በማግስቱ አሳ ከገባ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካልገባ ግን ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁና ቅዳሜ እስኪደርስ አልጠብቅም።"

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት ልንገራችሁ። ጎሕ ሳይቀድ ውሃ ውስጥ ነኝ። ሰባት ፋቲሐ። ምንም። ወጥቼ ወደ ጉና አያለሁ። ደመና የለም፤ ካለም ስስ ነው። ከዚያ ቂጣዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ወታደሮቹ ሰፈር እሄዳለሁ። እንድሪስን በቀን በቀን ሲያልቅ አየሁት። ሆዱን ተቅማጥ ይዞታል፤ የምወስድለትን አይበላም። ባለዘንጉ ገመዱን ወደ ጥላው አዙሮለታል፣ በራሱ ኩባያ ውሃ ያጠጣዋል። ግን የታሰረ ሰው የታሰረ ነው። ባየኝ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል።

"ውሃውስ?"

"ገና ነው።"

በአምስተኛው ቀን ይህንንም መጠየቅ ተወ። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ቀና አላለም። ወደ ጎጆአችን ስመለስ መንገድ ላይ ተቀምጬ አፈር እየቧጨርኩ አለቀስኩ። "ያ አላህ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ አቀዝቅዘው" አልኩ። እንዲህ እየለመንኩ ሳለ ራሴን እያመመኝ ነበር፤ ከልቅሶው ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ገባሁ። አንደኛውን ፋቲሐ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቴን ቆረጠመኝ። ያውም እንዴት አድርጎ! ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሰባቱን አልጨረስኩም። ከውሃው ወጥቼ፣ ጫማም ነጠላም ሳላነሳ፣ እየሮጥኩ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ። ሌሊት እኛ ሳንሰማ ጉና ላይ በረዶ ወርዷል ብዬ ነው ያሰብኩት። አስተርጓሚውን አስቀስቅሼ "ቀዝቅዟል በለው! ነገ አሳ አለ በለው!" አልኩት። እንድሪስ ድምፄን ሰምቶ ቀና አለ። ፈገግ ሲል አየሁት።

ስመለስ አባባ ሰይድ ጎጆው በር ላይ ቆመው ወንዙን እያዩ ነበር።

"አባባ፣ ቀዘቀዘ! ሄጄ ነገርኋቸው!"

"ምኑ ነው የቀዘቀዘው?"

"ውሃው ነዋ! ሁለተኛው ላይ ቆረጠመኝ!"

 በከዘራቸው ወደ ወንዙ ጠቆሙ። "ቀለሙን እይው እስቲ። ጉና ዘንቦ ቢሆን እንደዚህ ይጠራ ነበር? ለምልክት የተከልሁትን እንጨትም እይው፤ ውሃው ጣት አልጨመረም። ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ ልጄ?"

"የእርስዎ እግር ደንዝዟል እንጂ የኔስ አልደነዘዘም!" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለአባባ ሰይድ ተናግሬ አላውቅም። 

ወዲያው ባለዘንጉ መጣ። ወሬውን ሰምቶ ዘንጉን ይዞ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሎት እየተጣደፈ ነው የመጣው። ጫማውን አውልቆ ገባ። ትንሽ እንደቆመ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ላይ ራቅ ብሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ቆመ። ተመለሰ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፀሐይ ወጥቶ እያለ ጋቢ ተከናንቤ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ቀረበና የእጁን ጀርባ ግንባሬ ላይ አኖረው። አባባ ሰይድ ከዘራቸውን አነሡ። የእትዬ ሐዋና የሌሎቹ ጎረቤቶች ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነው።

ባለዘንጉ እጁን አንሥቶ ወደ ወንዙ ጠቆመ። "ውሃ ሙቅ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። "አንቺ እሳት።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ወባ ይዞኛል። የቀዘቀዘው ውሃው አልነበረም፣ የጋልኩት እኔ ነኝ። የጋለ ሰው ለብ ያለ ውሃ እንኳ በረዶ እንደሚሆንበት ማንም ሴት ታውቃለች፤ ልጆቻችን ወባ ሲይዛቸው ገላቸውን ስናጥብ የምናየው ነው። ከልቅሶና ከምኞት በቀር ምንም አልታየኝም ነበር። ባሌን በገዛ አፌ ገደልኩት።

"ልመለስና ልንገራቸው፣ ተሳስቻለሁ ልበላቸው" አልኩ።

"ከነገርሻቸው ዛሬ ይገሉታል" አሉ አባባ ሰይድ። "ካልነገርሻቸው ነገ።" ይህን ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ስቅ ስቅ ብለው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

እኔ ወድቄ የባለዘንጉን እግር ያዝኩ። "በአላህ ይሁንብህ፣ በወለደችህ እናትህ" እያልኩ ለመንኩት። ከቋንቋዬ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ አይሰማም፤ ግን ምን እንደምል ማን ይጠፋዋል? ከኪሱ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ የኪኒን ፍሬ ሰጠኝ። አንዱን አሁን፣ አንዱን ወደ ማታ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ወደ ጉና አሻቅቦ አየ። አንዲት ደመና አልነበረችም። ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ መንጠቆውን ውሃ ሳያስነካ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ካፒታኖው ወታደሮቹን አስከትሎ ወንዙ ዳር መጣ። እንድሪስንም አመጡት፤ መቆም ስላልቻለ ሁለት ሰው ደግፎታል። ጎረቤቶቻችንን አስገድደው መረብ አስዘረጉ። ጠበቁ። ፀሐይ ከፍ አለ። ካፒታኖው ሰዓቱን አየና መረቡን አውጡ አለ። ቅጠል ነበረበት፣ ጭራሮ ነበረበት። አሳ አልነበረበትም።

"ውሃው ቀዝቅዟል ያለው ማነው?" አለ ካፒታኖው፤ አስተርጓሚው እኔን እያየ ተረጎመው።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ፣ እኔን ስቀሉኝ ልል ነበር። ሳልናገር ባለዘንጉ ከመስመሩ ወጥቶ ካፒታኖው ፊት ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ። ረዥም አልነበረም። የወታደሮቹ ሳቅ ቆመ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ዝም በይ" አለኝ። "'ሴትዮዋ ገና ነው ብላለች። ቀዝቅዟል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሂጂና ንገሪ ብዬ የላክኋትም እኔ ነኝ' ይላል። በራሱ ላይ እየወሰደው ነው።"

ካፒታኖው በጥፊ መታው። ያንን ሽማግሌ፣ በወታደሮቹና በእኛ ፊት። ከዚያ ከትከሻው ላይ የማዕረግ ምልክቱን ቀደደው። ጩኸቱ ሁሉ ወደ እሱ ሆነ፤ በአገሬው ፊት አዋርደኸኛል ነው ነገሩ። እንድሪስን ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። ወደ ሰፈሩ መልሰው አሰሩት። አስተርጓሚው ሲያልፍ፣ "የባልሽ ነገር ባለበት ይቆይ ብሏል፤ ይኸኛው ግን ዛሬ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ከዚያም ውጊያ ወዳለበት" አለኝ።

አሁን ወደዚያች ነገር ደረስኩ።

የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ የሚወስደው የጭነት መኪና፣ ካሚዮኑ፣ መንገዱን ይዞ መጣ። መንገዱ በጎጆዎቻችን አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ሹክሹክታው ጆሮዬ ገብቷል። እትዬ ሐዋ፣ እንድሰማት ብላ ነው፣ "ጣልያን ግንባሯን ዳስሶ፣ ጣልያን ስለሷ በጥፊ ተመታላት፤ ምን ቢያደርጉ ነው?" ስትል ሰምቻለሁ። በዚያ ጊዜ የጣልያን ወዳጅ የተባለች ሴት ምን እንደሚደርስባት አውቃለሁ። አርበኞቹ እኛ ዘንድ መውረዳቸው አይቀርም።

ባለዘንጉ ካሚዮኑ ላይ፣ በሁለት ጠመንጃ ያዦች መሃል ተቀምጧል። ዘንጉ የለም። ሲያየኝ እጁን ከፍ አደረገ። ከፍ አድርጎም አልቀረ፣ በጣቱ ግንባሩን ነካ። ትኩሳቱ ለቀቀሽ ወይ ነው የሚለኝ። ለቆኝ ነበር። የሰጠኝ ኪኒን አድኖኛል። ቢያንስ አንገቴን መነቅነቅ እችል ነበር።

እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። ማዞርም አልበቃኝም። ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ እንትፍ አልኩ።

ቀና ስል እጁን አውርዶ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ካሚዮኑ አቧራውን አንሥቶ ሄደ። እትዬ ሐዋ መጥታ ትከሻዬን አቀፈችኝ፤ "እሰይ፣ የኔ እህት" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉና ጠቆረ። ነጎድጓዱ እኛ ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጉማራ ቀልቶ፣ ሞልቶ፣ የአባባ ሰይድን እንጨት ውጦት አገኘሁት። ገባሁ። አራተኛው ፋቲሐ ላይ ቆረጠመኝ። አላመንኩትም። ወጥቼ ግንባሬን ለአባባ ሰይድ ሰጠኋቸው። ዳሰሱኝ፤ "አልጋልሽም፤ አልሐምዱሊላህ" አሉ። ያን ዕለት እሳቸው አብረውኝ ሄደው ነገሩ። በማግስቱ አሳው ገባ። ጀርባው ከውሃው በላይ እየታየ፣ እየተገፋፋ ነው የገባው። መረባችን ተቀደደ። ካፒታኖው አሳውን አስጭኖ እንድሪስን ፈታው። እኔና አባባ ሰይድ ተሸክመነው ወደ ጎጆአችን ወሰድነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖርን። ልጆች ወለድን። ጣልያን ሄደ፣ ባሕር ዳር ከተማ ሆነች። ጣልያንን አሁንም አልወድም፤ ታንኳችንን ያቃጠሉትን፣ ሰው ገበያ ላይ የሰቀሉትን በምን አንጀቴ እወዳለሁ? ያ ሰው ግን ከእነሱ ጋር ቢመጣም እሱ የዋለልኝን ውለታ ያህል የዋለልኝ ዘመድ እንኳ የለኝም። ስሙን አላውቅም። ይሙት ይኑር አላውቅም። ፈርቼ ነው ያደረግኩት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ፊቴን ማዞሩ ከፍርሃት ነበር፣ እሺ። የተፋሁት ግን እትዬ ሐዋ እንድታመሰግነኝ ፈልጌ ነው። አመሰገነችኝም። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል፣ ብቻዬን ብሆን እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

እንድሪስ ከሞተ ጥቂት ዓመታት ሆኑ። እስኪሞት ድረስ ያንን ሽማግሌ ያነሣው ነበር። በኩባያው ያጠጣውን ውሃ አይረሳም። "መቼም የሚሄድ ዕለት አይተሽዋል" ይለኛል። "አመሰገንሽልኝ ወይ?"

"አዎ" እለው ነበር። "አመስግኜልሃለሁ።"